የአባቴ ድንጋይና አንድ ጠርሙስ ጸበል

በየቤቱ የማይቆጠር ነገር አለ። የእናንተን ቤት አላውቅም፤ የእኛን ልንገራችሁ። እኛ ቤት ቆሎ አይቆጠርም። እናቴ ከጠዋት ጀምራ አንድ አንድ እፍኝ እያለች የሽምብራ ቆሎ ስትቆረጥም ትውልና፣ ማታ ጎረቤት ብቅ ብላ ምነው ከሳሽ ስትላት፣ እህል የሚባል በአፏ እንዳልዞረ ትምላለች። አትዋሽም። ሽምብራ እህል መሆኑን ከእኔም ከእናንተም በላይ ታውቃለች፤ አርማ ያሳደገችው እሷ ናት። ነገር ግን እጅ ታጥበው፣ ተቀምጠው ያልበሉት ነገር እሷ ዘንድ ምግብ አይባልም። ወጥ ስትሠራ ለጨው የምትቀምሰውም እንዲሁ ነው። አባቴ ደግሞ ከብቶችህ ስንት ናቸው ሲሉት ጥጆቹን ይዘላል፤ ክረምቱን ሳይወጡ ምን ብዬ እቆጥራቸዋለሁ ይላል።

እኔም ከማይቆጠሩት መሐል ነበርኩ። ቅር ብሎኝ አይደለም የምነግራችሁ። ትምህርት ቤት መምህሩ ስም ሲጠራ «አለሁ» ማለት ስለማፍር እጄን ብቻ አወጣ ነበር። መምህሩ ከመዝገቡ ቀና የማይል ሰው ስለሆነ ቀሪ ብሎ ያልፈኛል። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ፣ ፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ፣ አሥራ አንድ ቀን ቀርቻለሁ።

እንዲያም ሆኖ ስምንተኛን እንደምንም ጨረስኩ። ከቤታችን ወረቀት አንብቦ የሚረዳ ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ አባቴ ታሞ ወደ ጎንደር ሲሄድ አስታማሚ ሆኜ የተከተልኩት እኔ ነኝ። እናቴ ስትሸኘን ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ የሚሉሽን ስሚ። መስማት ለእኔ ቀላል ነው። ተናገሪ አላለችኝም።

አባቴን ያሳመመው ድንጋይ ነው። እኛ አገር ድንጋይ ብርቅ አይደለም። ከድብ ባሕር ወጣ ብሎ ያለው ማሳችን ከአፈሩ ድንጋዩ ይበዛል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከማሳው ድንጋይ እየለቀመ ድንበር ላይ ሲክብ ኖሯል። በየዓመቱ ክረምቱ አፈሩን ሲያጥበው ሌላ ድንጋይ ብቅ ይላል፤ በየዓመቱ ይለቅማል። ስለዚህ የጎንደሩ ሐኪም ራጁን ወደ መብራት አንሥቶ ነጩን ነገር እያሳየ፣ ግራ ኩላሊትዎ ውስጥ ትልቅ ድንጋይ አለ ሲለው አባቴ ብዙም አልደነገጠም።

«እዚያም ደረሰብኝ» አለ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሳቂታ። ድንጋዩ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ አውጥቶ ኩላሊቱን እንደሞላው አስረዳን። አባቴ ራጁን ትክ ብሎ አየና ተቃወመ። ዋልያም ድኩላም በዓይኑ ሲያይ ነው ያደገው፤ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ቀንድ በአገራችን የለም። ይልቅስ ይኸ ነገር ዝንጅብል ነው የሚመስል አለ። ሐኪሙ ራጁን አገላብጦ አየና ሳቀ፤ እውነትም ዝንጅብል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ የአባቴ ድንጋይ ስሙ ዝንጅብል ሆኖ ቀረ።

ዝንጅብሉ ካልወጣ ኩላሊቱ ቀስ በቀስ ይሞታል። ድሮ እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚወጣው ጎን በሰፊው ተሰንጥቆ ነበር። አሁን ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ከአዲስ አበባ ሐኪሞች ከነመሣሪያቸው ለአንድ ሳምንት ይመጣሉ፤ በጀርባ በኩል፣ ከጎድን አጥንት ዝቅ ብለው፣ ጣት የማታህል ቀዳዳ ይበሳሉ፤ በእሷ በኩል ቀጭን ቱቦ ከነመብራቱ ከነካሜራው ይገባል፤ ድንጋዩን እዚያው እየሰባበሩ ፍርፋሪውን በቀዳዳዋ ያወጡታል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አባቴ እዚህ ላይ ጆሮውን አቆመ። ድንጋይ መስበር ሥራው ነዋ። እኛ ዘንድ ማሳ መሐል የተቀመጠ ቋጥኝ የሚሰበረው ላዩ ላይ እሳት ነድዶ፣ ድንጋዩ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ተደፍቶበት ነው። እሳቱን እውስጤ ነው የምታነዱት ብሎ ጠየቀ። የለም፣ በንዝረት ነው አሉት። ንዝረት ድንጋይ ይሰብራል ብሎ ያመነ አልመሰለኝም። ግን ወደ እኔ ዞሮ «ሸጋ ነው» አለ፤ መሰንጠቁን በጣም ፈርቶ ነበር።

የአባቴ ተራ የደረሰው በሳምንቱ መጨረሻ፣ ዓርብ ነው፤ የመጀመሪያው ታካሚ እሱ ነበር። ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ ሐጂ ኑሩ ይተኛሉ። እሳቸው የጎንደር ሰው ናቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በጨርቅ ንግድ የኖሩ። የእሳቸውም በሽታ ድንጋይ ነው፤ ግን ስማቸው የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር፤ ዓርብ ክፍት ቦታ ከተገኘ ይገባሉ፣ ካልተገኘ ለሚቀጥለው ይጠብቃሉ። ከአባቴ ጋር አፍታም ሳይቆዩ ተግባቡ። የአያ ዘውዱ ዝንጅብል ነው፣ የእኔ ኮረሪማ ብትሆን ነው፣ ስንድን ቅመም ቤት እንክፈት ይሉታል። አባቴ በሳቀ ቁጥር ጎኑን ይይዛል። አታስቁኝ ይላል፤ እሳቸው ግን አይተዉትም።

ሐሙስ ዕለት ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ መጣ። አባቴ ሽንት ቤት ሄዶ ነበር፤ ድንጋዩ አያስቀምጠውም። ባለሙያው የሚቸኩል ሰው ስለሆነ ለእኔ ነገረኝ። አባትሽ የሚተኛው በሆዱ ተደፍቶ ነው፤ ሆዱ ውስጥ አንዳች ነገር ካለ ወደ ጉሮሮው ይወጣና ወደ ሳንባው ይገባል፤ ያኔ ከእንቅልፉ ላይነሣ ይችላል። ገባሽ አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ አንድ ወረቀት አልጋው ላይ ለጥፎ ሄደ።

አባቴ ሲመለስ ወረቀቱን አነበብኩለት፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ምግብም መጠጥም ክልክል ነው ይላል። ወረቀቱን ብቻ አነበብኩ። ሳንባ ያለውን፣ ላይነሣ ይችላል ያለውን አልነገርኩትም። ሞት የሚል ቃል አባቴ ፊት መናገር አፈርኩ። እሱ ደግሞ በራሱ መንገድ ተረዳው።

«ጾም ነው በይኛ» አለኝ።

አዎ አልኩት። ጾም ከሆነ አባቴን የሚያስተምረው የለም።

በማግስቱ ማለዳ አክስቴ መጣች። የአባቴ እህት ናት፤ ቁስቋም ሰፈር ነው የምትኖረው። ጸሎቷን አድርሳ፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዛ። እምነት በጥብጣበታለች፤ ጸበሉ አመድማ ሆኗል። በባዶ ሆድህ ነህ ብላ ጠየቀችው። ከትናንት ጀምሮ አለ። ደስ አላት። ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ አይደል? አስቡት፤ ሆስፒታሉ ሌሊቱን ሙሉ የአባቴን ሆድ ለጸበሉ ሲያዘጋጅለት ያደረ ነው የመሰለው። አማተበና አፉ ላይ ደቀነው። እኔ ክዳኑን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አየዋለሁ። ሐጂ ኑሩም አዩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ምነው ያኔ ዝም አልሽ ትሉኝ ይሆናል። ጸበል ያነሣን ሰው፣ ያውም አባትን፣ ያውም አክስት ፊት፣ አትጠጣ ይባላል? ምናልባት አይቆጠር ይሆናል ብዬም አሰብኩ። እንደሚቆጠር ደግሞ አውቃለሁ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማሰብ እንደሚቻል ያወቅኩት ያን ጠዋት ነው።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል አባቴን ጎማ ባለው አልጋ ገፍተው ወሰዱት። አክስቴ አልጋው ዘንድ ቀረች፤ እኔ ልብሱን ታቅፌ ተከተልኩ። የቀዶ ሕክምናው በር ጋ ወለሉ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ አስታማሚ ከዚያ አያልፍም። መነጽር ያደረገች ጠና ያለች ነርስ ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ስሙን ጠየቀችው፤ ነገራት። የሚታከመው የቱ ጎን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ግራውን አሳያት።

«ከሌሊት ጀምሮ በአፍዎ የገባ ነገር አለ?»

«ምንም» አለ አባቴ።

አልዋሸም። እስከዚያ ቀን አባቴ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ነርሷ ጻፈች። አልጋው ተንቀሳቀሰ፤ የፊት ጎማው መስመሩን አለፈ።

«ጸበል ጠጥቷል» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። አንድ ጊዜ መናገሩ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እናንተ አታውቁም፤ ሁለተኛውን ደግሞ ወዲያው ማለት ነበረብኝ። የአልጋውን ብረት ያዝኩና ደገምኩት። ነርሷ ዞር ብላ ስንት አለችኝ። የታቀፍኩትን ልብስ በአንድ እጄ ይዤ በሌላው የጠርሙሱን ቁመት አሳየኋት። እምነትም አለበት አልኩ። እምነት ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ እሷም የጎንደር ልጅ ናት። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ተነፈሰች።

አባቴ ከተኛበት ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ጸበል እኮ ነው» አለ። «ጸበል ምግብ ሆነ?»

የፊት ጎማው ወደ ኋላ ተመለሰ። ባለሙያው መጣ፤ ንጹሕ ውሃ ቢሆን ለጥቂት ሰዓት ቆይተን እናስገባው ነበር፣ አመድ ከገባበት ግን ስድስት ሰዓት ያህል መጠበቅ አለበት አለ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሐኪሞች ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ፤ መሣሪያውም አብሮ ይሄዳል። ሐጂ ኑሩ ከሌሊት ጀምሮ በአፋቸው ምንም አልገባም ነበር። በእኛ ጾም ውሃም ውሃ ነው ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ፤ ለነርሷ ነው የነገሯት። በአባቴ ቦታ እሳቸው ገቡ።

አክስቴ ነገሩን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ጸበሉን መርዝ አደረግሽው አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። እዚያ ላይ ወደ ቀድሞው ልማዴ ተመልሼ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ኑሩ የድንጋያቸውን ፍርፋሪ በትንሽ ብልቃጥ ይዘው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባቸው ላይ ያለችው ፋሻ የእጄን መዳፍ አታህልም። አባቴ ልብሱን ለብሶ ለመሄድ ተነሥቷል። ብልቃጡን ሊያሳዩት አወጡና መልሰው ትራሳቸው ሥር አደረጉት። አባቴ ልሰናበት ብሎ ወደ ነርሶቹ ሲሄድ በእጃቸው ጠቀሱኝ።

«እኔም ሲጠጣ አይቻለሁ» አሉኝ። «የሰው ሃይማኖት ነው ብዬ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ያልኩት አክብሬ ነው፤ አንቺ የተናገርሽው ወደሽ ነው።»

ደግ ቃል ነው። ቢሆንም ከእኛ ከሁለታችን ድንጋይ የወጣለት ዝም ያለው ነበር።

አገር ቤት ስንደርስ አባቴ ለሚጠይቀው ሁሉ ተራ አልደረሰኝም አለ። ያን ጊዜ ነው ሲዋሽ የሰማሁት፤ ለእኔ ብሎ። ግን የአክስቴ ወሬ በስልክ ቀድሞን ደርሷል። ሰዎች ፊቴን እያዩ ስለ ሌላ ነገር ያወሩ ጀመር። እናቴ ብቻ በግልጽ ጠየቀችኝ፤ ምነው ዝም ብትይ አለችኝ። ባለሙያው ያለውን ነገርኳት፤ ላይነሣ ይችል እንደነበር። ይችል ነበር አለች፤ ቃሉን ደገመችው እንጂ ሌላ አልጨመረችም። ልክ ነበረች። ያልደረሰ ሞት አይታይም፤ ሊቀብረው የሚወጣ ሰው የለም። የቀረ ሕክምና ግን ይታያል፤ ጎኑን ይዞ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል።

ከዚያ አንድ የማይጠበቅ ነገር ሆነ። አባቴ ዳነ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሕመሙ ቀለል አለለት፤ ከፋሲካ በፊት ጭራሽ ጠፋ። ሌሊት መነሣቱ ቀረ። አክስቴ በስልክ እያለቀሰች እልል አለች። ጸበሉ ሠራ ተባለ፤ እንኳንም አልተቀደደ ተባለ። የእኔም መናገር ይቅርታ አገኘ፤ ምክንያቱም ምንም አላበላሸም። አባቴ አንድ ቀን ማሳ ላይ ድንጋይ እየለቀምን ሳለን፣ ዝንጅብሉ ሟሟ መሰል አለኝና ሳቀ። ጎኑን አልያዘም። እኔም አመንኩ። ማመን ደስ ይላል፤ ምንም አያስወጣ፣ ምንም አያስጨንቅ።

በግንቦት ስልክ ተደወለ። ከሆስፒታሉ ነው። ሐኪሞቹ ተመልሰው መጥተዋል፤ የአባትሽ ስም ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነው፤ ይምጣ አሉኝ። ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ለአባቴ ነገርኩት። በሬ እየጠመደ ነበር። ድኛለሁ በያቸው፣ ቦታዬን ለታመመ ሰው ይስጡት አለ። እንዴት ያለ ሸጋ ንግግር ነው፤ ማን ይቃወመዋል? አንድ ጊዜ ራጅ ቢነሣስ የሚል ሐሳብ ውል አለብኝ። ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ባለፈው ተናግሬ የሆነውን አውቃለሁ። ድኗል አልኳቸው፤ አመስግነው ዘጉት።

እዚህ ላይ ነው ወጌ የሚከብደኝ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የተናገርኩበትን ቀን ነው። ዝም ያልኩበትን ቀን ግን ማንም አልቆጠረውም።

ነሐሴ ላይ አባቴ ተንቀጠቀጠ። ትኩሳቱ ብርድ ልብሱን አልፎ እጅ ያቃጥላል። በዝናብ፣ በጭቃ፣ በሰው ትከሻ አስፋልት አውጥተነው ጎንደር ገባን። ያው ወጣት ሐኪም ነበር፤ አዲሱን ራጅ ወደ መብራት አነሣው። ዝንጅብሉ እንዳለ ነው፤ ቅርንጫፉ እንኳ አልጎደለም። ሐኪሙ አልሳቀም። ሕመሙ የጠፋው ድንጋዩ ስለወጣ እንዳልሆነ ነገረን፤ ኩላሊቱ ስለሞተ ነው። የሞተ ነገር አያምም። አሁን መግል ይዟል። ያች ጣት የማታህለው ቀዳዳ ከእንግዲህ አትበቃም፤ ጎኑ ተሰንጥቆ ኩላሊቱ ከነድንጋዩ ይወጣል። አባቴ የፈራው መሰንጠቅ፣ ዞሮ ዞሮ መጣ።

ሁሉንም ሰማና፣ በግንቦት ብመጣ ኖሮስ አለ። ሐኪሙ ራጁን ከመብራቱ አወረደው። ምናልባት አለ። አባቴ ወደ እኔ አላየም፤ እኔም ወደ እሱ አላየሁም። ባለሙያው በጥር ለእኔ የነገረኝም፣ ሐኪሙ በነሐሴ ለአባቴ የነገረውም፣ ሁለቱም ምናልባት ነው። በሁለት ምናልባት መሐል ነው የምኖረው።

በሕክምናው ጠዋት ያው በር፣ ያው ቀይ መስመር። ነርሷ ሌላ ናት፤ ልጅ እግር። አባቴ ትኩሳቱ አድክሞት ጣሪያውን እያየ ተኝቷል። በአፍዎ የገባ ነገር አለ ስትለው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ተወው። ከብርድ ልብሱ ሥር እጁን አውጥቶ ወደ እኔ ጠቆመ።

«እሷን ጠይቂያት።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እንዲህ ብዙ ዓይን አይቶኝ አያውቅም። ከማታ ጀምሮ ምንም አልበላም፣ ምንም አልጠጣም አልኩ። ጠዋት አክስቴ ጸበል አምጥታለች፤ አልጠጣውም፣ ፊቱን ታጥቦበታል። ከንፈሩን ሳይነካው አልቀረም፤ ግን አልዋጠም፤ ሲተፋው አይቻለሁ። ልጅቷ ብዕሯን አንሥታ ጠበቀችኝ፤ መጨረሴን ስታረጋግጥ ወረቀቱ ላይ ምንም ሳትጽፍ ቀና አለች።

«ፊት አይቆጠርም» አለችኝ።

ለካ እነሱም ዘንድ የማይቆጠር ነገር አለ። አልጋው መስመሩን አለፈ፤ በሩ ተዘጋ።

አባቴ አሁን ባንድ ኩላሊት ነው ያለው። ጠባሳው ከጎኑ ተነሥቶ ወደ ሆዱ ይዞራል፤ ድንበር ላይ የከበውን ካብ ይመስላል። ለቀረችው ኩላሊት ሲባል በቀን አሥር ብርጭቆ ውሃ እንዲጠጣ ታዟል፤ ቆጣሪዋ እኔ ነኝ። ስለዚያ ሰሞን አናወራም። ብርጭቆውን ስሰጠው ስንተኛው ነው ይለኛል፤ ሦስተኛው ነው እለዋለሁ፤ ይጠጣል። አክስቴ አሁንም በየወሩ ጸበሏን ትልካለች። ባለፈው እሑድ ጠዋት ከእሱ ቀድቼ ሰጠሁት። አማተበና ብርጭቆውን አፉ ዘንድ አድርሶ ቆመ።

«ይኸስ ይቆጠራል?» አለኝ።

«ይቆጠራል» አልኩት።

ጠጣው። አንድ አልኩ።